አባ ኮዳ የዋጠው ሳሙና

ልጅ ይታጠባል ሲባል እሰማለሁ፤ አላምንም። እኛ አገር ልጅ አይታጠብም። ይፈተጋል። እንደ ድስት ይፈተጋል፣ እንደ ጋቢ ይታሻል፣ መጨረሻ ላይ ተጨምቆ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። እኔ ራሴ በልጅነቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእናቴ እጅ ስወጣ ክብደቴ በግማሽ ይቀንስ ነበር። ታላቅ ወንድሜማ አንድ ቅዳሜ ታጥቦ ሲወጣ ጎረቤቶች «ይሄ ደግሞ የማን ልጅ ነው?» ብለው፣ እናቴ መጥታ እስክታስረዳ ድረስ ደጅ ቆሞ ውሏል። አጋነንክ ትሉኝ ይሆናል። እናንተ በምን ታጥባችሁ አደጋችሁ?

ከፍተጋው ይልቅ የሚገርመኝ ግን ትእዛዙ ነው። «ዐይንህን ጨፍን!» ይባላል። ትጨፍናለህ። ሳሙና ደግሞ በር ሲዘጋበት በመስኮት የሚገባ ዘመድ ዓይነት ነው፤ የተጨፈነ ዐይን ሲያይ ጭራሽ ይብስበታል። ይገባል፣ ያቃጥላል፣ ትጮሃለህ። ያኔ ከላይ፣ ከአረፋው ማዶ፣ አንድ ድምፅ ይመጣል፦ «ዝም በል፣ ምንም አይልህም!»

እዚህች ላይ ትንሽ ቆዩልኝ። የሚቃጠለው የአንተ ዐይን፣ ምንም እንደማይል የሚያውቀው ሌላ ሰው! መርፌ ሲወጉን ምንም አይልህም፣ ጥርስ ሲነቅሉልን ምንም አይልህም፣ መምህሩ ጆሯችንን ሲጠመዝዘው ምንም አይልህም። ይህን እየሰማን አድገን፣ ዛሬ ፋይላችን ጠፍቶ አንድ ቢሮ ሦስት ወር ስንመላለስ፣ ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ሰው «ምንም አይል፣ ሰኞ ይምጡ» ሲለን፣ «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለን እንመለሳለን። ነገሩ ከሳፋው ነው የጀመረው። ይህን የሚክድ ካለ ሐዋሳ፣ ታቦር ሰፈር ድረስ ይምጣ፤ ቤቴን ማንም ባጃጅ ያውቀዋል።

ባጃጆቹ የሚያውቁኝ በሥራዬ ነው። እኔ ሌዳሞ ዕድሜዬን ሙሉ ጀሶ ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሐዋሳ ውስጥ ሳሎኑ ኮርኒስ ላይ የጀሶ ጽጌረዳ ያለው ሰው ካያችሁ፣ ወይ እኔ የሠራሁት ነው፣ ወይ ከእኔ የተሰረቀ ነው። አንዷን ጽጌረዳዬን ንብ ሊቀስማት መጥቶ፣ ጀሶ መሆኗን ሲያውቅ አፍሮ ሲመለስ በዐይኔ አይቻለሁ። አሁን ጉልበቴ መሰላል እምቢ ስላለ ቤት ተቀምጫለሁ። የምኖረው ከልጄ ሚስት ከምህረትና ከአራት ዓመቷ የልጅ ልጄ ከሶስና ጋር ነው። ልጄ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ፣ ከቤት ይልቅ ሞያሌ መንገድ ላይ ታገኙታላችሁ። ምህረት ጠዋት ቢሮ ትሄዳለች፣ ከሰዓት በኋላ ደክማ ትመጣለች፤ በመሀል ሶስናን የምጠብቃት እኔ ነኝ። ወይም እሷ ናት እኔን የምትጠብቀኝ። ይህ ገና አልለየለትም።

እናም ከዕለታት አንድ ቀን ሶስና መታጠብ እምቢ አለች።

እምቢ ስላችሁ፣ ልጆች እንደሚሉት ዓይነት እምቢ እንዳይመስላችሁ። ሳፋ ገና ስታይ ትጮሃለች። ጩኸቷ ከታቦር ተነስቶ ሐይቁ ላይ ሲደርስ ጉማሬዎቹ አንገታቸውን አውጥተው «ምንድን ነው?» ይላሉ። እግርና እጇን እንደምንም በእርጥብ ጨርቅ እናብሳለን፤ ፀጉሯ ግን አይነካም። ሦስት ሳምንት ሙሉ አልተነካም። አሸዋው፣ ገንፎው፣ የአቮካዶ ቅጠሉ፣ የጠፋብኝ አንድ ትንሽ ምስማር ሳይቀር እዚያ ውስጥ ነበር። ለምን እንደሆነ ስትጠየቅ «ሳሙና ያቃጥላል» ትላለች፤ ሌላ ቃል አይወጣትም። ጎረቤቱ ሁሉ «ዐመለኛ ሆናለች» አለ። እኔም ዝም አልኩ። የዝምታዬን ነገር በኋላ እመጣበታለሁ።

ማክሰኞ ዕለት ምህረት ከቢሮ ስትመለስ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዛ መጣች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። የወንድሟ ቶንዶዝ ነው።

«ጋሼ፣ እኔ አልቻልኩም» አለችኝ። «ጭንቅላቷ ሊቆስል ነው። ቅዳሜ ካልታጠበች እላጫታለሁ።»

ሶስና ይህን ስትሰማ በሁለት እጇ ፀጉሯን ጥብቅ አድርጋ ያዘችና ጠረጴዛው ሥር ገባች። «ፀጉሬን አልሰጥም!» የሚል ድምፅ ከሥር መጣ።

ነገሩ እንዲገባችሁ፣ ከሳምንት በኋላ የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፊቼ ጨምበላላ ነበር። አክስቷ ሹሩባ ሠርታ፣ አዲስ ቀሚስ አልብሳ፣ በዓሉ ወደሚከበርበት ጉዱማሌ ልትወስዳት ቃል ገብታላት፣ ልጅቱ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌላ ወሬ የላትም። ዶሮዎቹ ሳይቀሩ ያውቃሉ። አሁን ዓመቱ ሲለወጥ፣ የሰፈሩ ሴት ልጅ ሁሉ ሹሩባዋን እያወዛወዘች ስትሄድ፣ የኔዋ እንደ እንቁላል ተልጣ ልትቆም!

ተነሣሁ። እኔ ስነሣ ትንሽ ጊዜ ስለሚወስድ ምህረት ታገሠችኝ። «ስሚ» አልኳት፤ «ቅዳሜ ይቺ ልጅ በገዛ እግሯ ሄዳ ሳፋ ውስጥ ካልገባች፣ በዚህ ቶንዶዝ የሚላጨው የእኔ ጺም ነው!»

ምህረት ጺሜን አየችው። ይህ ጺም ከእኔ ጋር አርባ ዓመት የኖረ ነው። ስንት ባልና ሚስት ለማስታረቅ ተቀምጬ፣ ነገሩ አልፈታ ሲል እሱን ዳበስ ዳበስ ሳደርግ የታረቁ አሉ።

«ቃልዎ ነው?» አለች።

«ቃሌ ነው።»

«እሺ፤ ቻርጅ አደርገዋለሁ» አለችና ቶንዶዙን ሰካችው። አክባሪ ምራት ናት። ቀልድ ግን አታውቅም።

ረቡዕ ጠዋት ሸምሱ ሱቅ ሄድኩ። ሸምሱ የስልጤ ሰው ነው፤ ሱቁ ትንሽ፣ ምላሱ ትልቅ።

«ስድስት የሕፃን ሳሙና ስጠኝ» አልኩት።

«ምነው ጋሽ ሌዳሞ፣ መንታ ተወለደልዎ እንዴ?»

«ዓሣ ልሠራበት ነው።»

«በሳሙና?»

«በሳሙና።»

ሸምሱ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ፤ እኔ ግን ያው እኔ ነኝ። «ኧረ በአላህ! እርስዎ የአገር ሽማግሌ ነዎት፤ ሰው የሚያስታርቁ!»

«እሱኑ ነው የምሠራው። ልጅና ሳሙና ተጣልተውብኝ ላስታርቅ ነው።»

«ከሠሩ አይቀር ታዲያ ሞራና ካስቲክ ሶዳ ይዘው ከሥሩ ይጀምሩዋ! የእናቶቻችን ሳሙና እንደዚያ ነበር» አለና ሊመርቅልኝ ተነሣ። እምቢ አልኩ። ካስቲክ ሶዳ በእኔ ዕድሜ ሰው እጅ ላይ ሲፈነጠር አይቻለሁ፤ ቆዳ አይምርም። እኔ ልጅ የማስታርቀው ከለስላሳው ሳሙና ጋር ነው። ሸምሱ ሳሙናውን ሰጥቶኝ ገና ደጁን ሳልሻገር፣ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ታቦርን ወጥቶ ነበር። ቤቴ ስደርስ አንዷ ጎረቤቴ በአጥር ላይ ብቅ ብላ «ዓሣው እንዴት ነው?» አለችኝ። ዓሣውን ገና አልገዛሁትም!

አዎ፣ እውነተኛ ዓሣ ያስፈልገኝ ነበር። የጀሶ ሰው ነኝ ብያችኋለሁ፤ ቅርፅ ከራሱ ከባለቤቱ እንጂ ከሐሳብ አይቀዳም። አሞራ ገደል ወርጄ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ካወጡት መሀል መልከ መልካም ቆሮሶ መረጥኩ። ቆሮሶ ስላችሁ ያው ሐዋሳ ጠብሳ የምትበላውን ነው፤ የእኔው ግን ቅርፊቱ እንደ ሳንቲም የሚቆጠር፣ ክንፉ እንደ ማበጠሪያ የቆመ፣ አፉን ትንሽ ከፈት አድርጎ ፎቶ የሚነሣ የሚመስል ነበር። ቤት አምጥቼ ጀሶ በጠበጥኩና ፎርማ አወጣሁበት። ሥራው ሲያልቅ ታጥቦ ተጠበሰ፤ በዳጣ በላሁት። ሞዴል ሆኖ ሠርቶ እራትም የሆነ እሱ ብቻ ነው።

ፎርማውን ሦስት ጊዜ አጠብኩት። ሦስት ጊዜ። ይህን ያዙልኝ።

ሐሙስ ሳሙና ተሠራ። ሳሙናውን በካሮት መፈግፈጊያ ፈገፈግኩት፤ ድስት ውስጥ ጨምሬ፣ ድስቱን የፈላ ውሃ ያለበት ትልቅ ድስት ላይ አስቀምጬ፣ ጠብታ ዘይትና አንድ ማንኪያ ማር አክዬ፣ በቀስታ አማሰልኩ። ቀለም ያስፈልጋል ብዬ የቀይ ሥር ጭማቂ ጠብ ባደርግበት፣ ሳሙናው በመቅላት ፈንታ የሐምሌ ጎርፍ መሰለ። በሁለተኛው ድስት እርድ ሞከርኩ፤ ቢጫ ይሆናል ስል ደፍርሶ፣ ቀልቶ፣ ፀሐይ ሐይቁ ላይ ስትጠልቅ የምትሆነውን ሆነ። ዝም ብዬ ተቀበልኩት። እኔ ጀሶ እንጂ ሳሙና መች ተማርኩ?

ሶስና ይህን ሁሉ የምታየው በሩ ጋ የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ለመሮጥ በሚመች ርቀት። ሳሙናው ፎርማ ውስጥ ሲገባ አንገቷን አስረዘመች። ሲወጣ ቆመች። ቅርፊት ያለው፣ ክንፍ ያለው፣ አፉን የከፈተ ቀይ ቆሮሶ!

«ዐይን አለው!» አለች።

«አለው እንጂ።»

«ይቃጠላል?»

«ምኑ?»

«ዐይኑ። ሳሙና ነው እኮ።»

«ዓሣ ውሃ ውስጥ ነው የሚኖረው፤ ቶሎ ይለቀልቀዋል» አልኳት። አሰበችበት። ከባልዲው ላይ ተነሥታ አንድ እርምጃ ቀረበች። አንድ እርምጃ፣ ቀኑ ሐሙስ፣ ጺሜ ገና ቦታው ላይ!

ሁለት ዓሣ ከጎርፉ፣ ስድስት ዓሣ ከጀንበሯ፣ በድምሩ ስምንት ቆሮሶ ወጣ። ቅዳሜ ጠዋት ጠንከር እንዲሉ ብዬ ግንቡ አጥር ላይ በሰልፍ ደረደርኳቸውና ከሶስና ጋር ከአቮካዶው ሥር ተቀምጠን ማየት ጀመርን። አሁን እናንተ ሐዋሳን የምታውቁ ሰዎች አንገታችሁን መነቅነቅ ጀምራችኋል። ልክ ናችሁ። አምሳ ዓመት በኖርኩባት ከተማ፣ ዓሣ የሚመስል ነገር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አጥር ላይ! ጀሶ ደግሞ ሦስት ጊዜ ይታጠብ ሠላሳ ጊዜ፣ የጠጣውን ሽታ አይለቅም፤ ሳሙናዎቹ ከነማራቸው አሞራ ገደልን አሞራ ገደልን ይሸቱ ነበር። ይህን የጀሶ ሰው ሆኜ መርሳቴ ነው የሚያናድደኝ።

መጀመሪያ አንድ አባ ኮዳ ወረደ። ይህን ራሰ በራ ወፍ ታውቁታላችሁ፤ እጁን ወደኋላ አጣምሮ እንደ ጡረተኛ ዳኛ የሚሄደው። የመጀመሪያውን ዓሣ አየ፣ እኔን አየ፣ ዋጠ። ከዚያ ሁለተኛው ወረደ፣ ሦስተኛው፣ ሰባተኛው፣ ሠላሳኛው። ሠላሳ! ምህረት ሦስት ነበሩ ትላለች፤ እሷ ቤት ውስጥ ነበረች። እኔ ነጠላ ጫማዬን ወረወርኩ፣ ቀጥዬ ሌላውን ወረወርኩ፣ ባዶ እግሬን እየሮጥኩ ጎረቤቱን ጠራሁ። ጎረቤቱ ተሰብስቦ ሳቀ። ሸምሱ ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ሳቀ።

አንደኛው አባ ኮዳ፣ ትልቁ፣ የዋጠው ሳሙና ጉሮሮውን ሳያልፍ ሐሳቡን ለወጠ። አንገቱን ዘረጋ። አፉን ከፈተ። አንዲት ፊኛ የመሰለች አረፋ ከመንቆሩ ወጥታ፣ በፀሐዩ ሰባት ቀለም እያበራች፣ በአቮካዶው ላይ አልፋ ወደ ጉዱማሌ ሄደች። ወፉ አያት። እኛም አየናት። ከዚያ ሳሙናውን እትፍ አለና፣ ክብሩ እንደተነካ ሰው ቀስ ብሎ እየተራመደ ከአጥሩ ማዶ ሄደ።

ከጎኔ ሳቅ ሰማሁ። ሶስና መሬት ላይ ተንከባላ ትስቃለች። «አባ ኮዳ ሆዱን ታጠበ! አባባ፣ ሆዱን ታጠበ!»

ስምንቱ ዓሣ አልቆ የቀረው ያ የተተፋው አንዱ ብቻ ነው፤ ጅራቱ ተቆርጧል። ሶስና ሄዳ አነሣችው። በቀሚሷ ጠረገችው። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሳሙና በእጇ ስትይዝ የመጀመሪያዋ ነው።

ምህረት ሳፋውን አውጥታ አቮካዶው ሥር አስቀመጠች፤ ፀሐይ ሲያሞቀው የዋለውን ውሃ ጨመረችበት። በሌላ እጇ ቶንዶዙን ይዛለች። የተሰበሰበው ሰው አልተበተነም፤ የጺሜን መጨረሻ ሊያይ።

ሶስና እስከ ሳፋው አፍ በገዛ እግሯ ሄደች። ቆመች። ዓሣውን አየች። ከዚያ ዞር ብላ እኔን አየችኝ።

«አንተ መጀመሪያ» አለች።

«እኔ?»

«አዎ። አንተ ነህ ያቃጠልከኝ።»

ጎረቤቱ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

አዎ፣ እናንተንም ደብቄያችሁ ነበር፤ እንደ ጎረቤቶቼ አትዩኝ። ያን ቀን፣ ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ምህረት ቢሮ ሳለች ልጅቱ አሸዋ ላይ ተንከባላ ገባች። እናቷ ሳትመጣ ላጥባት ብዬ፣ እናቴ እኔን እንዳጠበችኝ አጠብኳት። ፈተግኳት። «ዐይንሽን ጨፍኚ» አልኩ። ጮኸች። ያን ጊዜ ከአፌ ምን እንደወጣ ታውቃላችሁ። ስትጮህ «ዝም በይ፣ ምንም አይልሽም» አልኩና ሌላ ሳሙና ጨመርኩበት። ማታ ዐይኗ ቀልቶ እናቷ ስትጠይቅ፣ እኔ ጀሶ እንደተደፋበት ሰው ደርቄ ቀረሁ። ሰፈሩ ዐመለኛ ሲላት ሰማሁ፤ ያኔም ደረቅኩ። ልጅቱ ግን አንድም ቀን ስሜን አልጠራችም። ሦስት ሳምንት ሸፍናኝ ኖረች። በሽምግልና ዘመኔ እንዲህ ያለ ሰው አላየሁም።

«ጋሼ?» አለች ምህረት።

«አቤት።»

«እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

ምህረት ቶንዶዙን አየችው። ጺሜን አየችው። አውራ ጣቷ ቁልፉ ላይ ነበር። «በገዛ እግሯ ከገባች ነው አይደል ያሉት? አልገባችም እኮ» አለች፤ ቀስ ብላ፣ በአክብሮት።

«ጺሙን አትንኪው!» አለች ሶስና በመሀላችን ቆማ። «ላጥበው ነው።»

ሸሚዜን አወለቅኩ። አዎ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። በዚህ ዕድሜዬ አንዲት ትንሽ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩና ጭንቅላቴን ሳፋው ላይ ደፋሁ። አንዷ ጎረቤቴ «ኧረ ነውር ነው፣ ጋሽ ሌዳሞ!» አለች። ነውሩስ ያኔ ልጅቱን ዝም በይ ያልኩ ዕለት ነበር፤ ያን ዕለት ማንም ነውር አላለኝም። ይሄው ተደፍቻለሁ፤ ይዩኝ።

ሶስና በቆሮሶው ፈተገችኝ። እጇ ትንሽ ነው፤ ጉልበቱን ከየት እንዳመጣችው እግዜር ይወቅ። ከእናቴ እንደሆነ እጠረጥራለሁ። ራሴን፣ ጆሮዬን፣ ጺሜን አረፋ በአረፋ አደረገችው። «ዐይንህን ጨፍን» አለች። ጨፈንኩ። ገባ! ማሩና እርዱ፣ ዓሣውና አባ ኮዳው ተባብረው ገቡ። ጮህኩ። አላፍርም፤ ጉማሬዎቹ እንደገና አንገታቸውን እስኪያወጡ ድረስ ጮህኩ። ከዚያም ያቺን ቃል ጠበቅኩ። ይገባኛል፤ ዋጋዬ ናት፤ ትምጣ ብዬ ጠበቅኩ።

አልመጣችም። እጇ ቆመ። ቀዝቀዝ ያለ ውሃ በጣሳ ፊቴ ላይ ፈሰሰ፤ ቀስ ብሎ፣ ደግሞ ሌላ ጣሳ። ከዚያ ትንሽ ትንፋሽ ዐይኔ ላይ መጣች፦ እፍ፣ እፍ፣ እፍ።

«ያቃጥላል አይደል?» አለችኝ።

«ያቃጥላል» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። ቀሚሷን አወለቀች፣ ዓሣውን በእጄ አስያዘችኝ፣ ሳፋው ውስጥም በገዛ እግሯ ገብታ ቁጭ አለች። «ቀስ ብለህ» አለችኝ። ቀስ አልኩ። ፀጉሯን ለማጠብ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ፤ ምስማሬም ተገኘ።

ፊቼ ደረሰ፤ ሹሩባዋ ከጉዱማሌ አቧራ በላይ ሲወዛወዝ አየሁ። በጨምበላላ ቀን ልጅ አይመታም፣ አይቆጡትም፤ አባቶች ያወጡት ደንብ ነው። እኔ የምለው፣ በማግስቱስ? ይህን ስጠይቅ ሰው ሳቅ ብሎ ያልፈኛል። ሸምሱ ሱቁ በር ላይ ለሚቆም ሁሉ «ሽማግሌው በሳሙና ይጫወታል» ይላል። አዎ፣ እጫወታለሁ። ባለፈው ሳምንት አምባዛ ሠራሁ፤ ሪዙ እንደ ጺሜ ይሁን ተብዬ ታዝዣለሁ። ለሚቀጥለው ጉማሬ ታዝዤ፣ ጉማሬውን ለፎርማ የት እንደማስተኛው ገና እያሰብኩ ነው። አጥር ላይ ግን አሁን አላሰጣም። ያ ትልቁ አባ ኮዳ በየቅዳሜው መጥቶ ይቆማል፤ ለመብላት ይሁን ለመታጠብ አላወቅንም።

ሶስና አሁን ከሳፋ አልወጣም ትላለች፤ ምህረት ውሃ አለቀ እያለች ትጮሃለች። ደንቡ ደግሞ አልተለወጠም፤ መጀመሪያ የምታጠበው እኔ ነኝ። ጎረቤቱ በአጥር ላይ ተደርድሮ ያየኛል። ይይ። ሳሙናው አሁንም በየቅዳሜው ዐይኔ ውስጥ ይገባል፣ አሁንም ያቃጥላል፣ አሁንም እጮሃለሁ። ያቺ ልጅ አንድም ቀን ምንም አይልህም ብላኝ አታውቅም።